ግመሉን የመራው ሰው



በቅርቡ ከመግሪብ በኋላ በነበረን የጀመዓ ፕሮግራም ላይ አንድ ወንድማችን የማንዴራውን አውቶቡስ ታሪክ ተረከልን። ከኋላ ሆነው ሲያወሩ የነበሩት ሁሉ ዝም አሉ፤ በእህቶች በኩል ያለቀሱም ነበሩ። የእኔም ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር። ወደ ዶርም ስመለስ ግን አንድ ነገር ሲከነክነኝ አደረ። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ እሱ ነው።

ታሪኩን ላልሰማችሁ ባጭሩ እንዲህ ነው። ማንዴራ የኬንያ፣ የኢትዮጵያና የሶማሊያ ድንበሮች የሚገናኙባት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2014 ከዚያ የተነሳ አውቶቡስ በአልሸባብ ታጣቂዎች ተይዞ ሙስሊም ያልሆኑት ተሳፋሪዎች ተለይተው ወረዱና 28 ሰዎች ተገደሉ። ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ዲሴምበር 21 ቀን 2015፣ ከናይሮቢ ወደ ማንዴራ የሚሄድ ሌላ አውቶቡስ ኤል ዋቅ አካባቢ እንደገና ተያዘ። ታጣቂዎቹ እንደ በፊቱ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን ሊለዩ ፈለጉ። በዚህ ቀን ግን ሙስሊሞቹ ተሳፋሪዎች አንለይም አሉ። ሴቶቹ ለክርስቲያን ሴቶች የራስ መሸፈኛ አቀበሉ፤ ከገደላችሁ ሁላችንንም ግደሉ፣ ካልሆነ ልቀቁን ብለው ተከራከሩ። ሁለት ሰዎች ሞቱ፣ አብዛኛው ተረፈ። በጥይት ከተመቱት አንዱ ሳላህ ፋራህ የተባለ ምክትል ርዕሰ መምህር ነበር፤ ከሳምንታት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ አረፈ። አላህ ይዘንለት፤ ሸሂድ አድርጎ ይቀበለው።

ወንድማችን ተርኮ ሲጨርስ «ሙስሊም ማለት ይህ ነው!» አለ፤ አዳራሹ በተክቢር ተናጋ። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ ተክቢራ ብያለሁ። የከነከነኝ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያ ትረካ ውስጥ ክርስቲያኖቹ ተሳፋሪዎች ፊት አልነበራቸውም። ፈርተው ይሁን፣ አምነው ይሁን፣ መሸፈኛውን ሲቀበሉ እጃቸው ተንቀጥቅጦ ይሁን፣ ማናችንም አልጠየቅንም። ታሪኩ ውስጥ የገቡት እኛ ደግ እንድንባልባቸው ብቻ ነበር።

እንዲህ አድርገን ለመተረክ የሚገፋን ነገር እንዳለ አውቃለሁ። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው ቡድን ሊቢያ ውስጥ በስደት ላይ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ገድሎ ቪዲዮውን ሲለቅ፣ ሀገሪቱ ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጠች። እነዚያ ልጆች በስደት ላይ የነበሩ መንገደኞች ነበሩ። እኔ ያን ጊዜ ገና የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። በማግስቱ አብሮኝ የሚቀመጥ ልጅ «የእናንተ ሰዎች» ብሎ ሲጀምር የምመልሰው አጥቼ ዝም አልኩ። ከወራት በኋላ የማንዴራው ወሬ ሲመጣ በጉጉት ያዝነው። መልስ ሆነልን። ብዙዎቻችን ዛሬም የምናወራው እንደ መልስ ነው፤ ችግሩም እዚያ ይጀምራል። መልስ ሲሰጥ ዓይን የሚያርፈው ከሳሹ ላይ ነው፣ አጠገብ የተቀመጠው ሰው አይታይም።

ስለዚሁ አውቶቡስ «ዋቱ ዎቴ» የሚባል አጭር ፊልም አለ፤ ትርጉሙ በስዋሂሊ «ሁሉም ሰዎች» ማለት ነው። ካትያ ቤንራት የተባለች ጀርመናዊት ከሐምቡርግ የመጡ የፊልም ተማሪዎችን ይዛ ሠርታው እ.ኤ.አ. በ2018 ለኦስካር ታጭቶ ነበር። ያላያችሁት ፈልጋችሁ እዩት፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ፊልሙ የሚከተለው ከሙስሊሞቹ አንዱን አይደለም። የሚከተለው ጁዋ የምትባል ክርስቲያን ሴትን ነው። ባሏንና ልጇን በታጣቂዎች ተነጥቃለች፤ አውቶቡሱ ውስጥ ስትገባ በዙሪያዋ ያሉትን ሙስሊሞች ሁሉ የምታየው በዚያ ቁስል ነው። አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ሰላም ሲላት ትሸሻለች። ደግነቱ ትልቅ የሚመስለው ከእሷ ወንበር ሆነን ስናየው ነው። እኛ ግን ታሪኩን ስንናገር ከመሸፈኛው ሰጪ ወንበር ላይ ተነስተን አናውቅም።

ሁለቱንም ወንበር የምታውቅ አንዲት ሴት በሲራችን ውስጥ አለች፤ እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ)።

ኡሙ ሰለማ ከባለቤቷ ከአቡ ሰለማ ጋር ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ናት። ወደ መካ ከተመለሱ በኋላ ወደ መዲና ሊሰደዱ ሲነሱ የራሷ ወገኖች ባሏን «አንተ ሂድ፣ እሷን ግን አንሰጥህም» ብለው ከመንገድ መለሷት። የባሏ ወገኖች በበኩላቸው በንዴት «እንግዲያው ልጁ የእኛ ነው» አሉ። ሕፃኑን በሁለት በኩል ሲጓተቱት ክንዱ ከመገጣጠሚያው ወለቀ። ባል መዲና፣ ልጅ ባዕድ እጅ፣ እሷ መካ። ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በየቀኑ አብጠሕ እየወጣች እስኪመሽ ታለቅስ ነበር። በመጨረሻ ከዘመዶቿ አንዱ ሆዱ ራርቶ አስፈቀደላት፤ ልጇም ተመለሰላት። ግመሏ ላይ ወጥታ፣ ልጇን ታቅፋ ብቻዋን መንገድ ጀመረች። ከመካ መዲና ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ያውም የበረሃ መንገድ።

ተንዒም ስትደርስ ዑስማን ኢብኑ ጠልሓን አገኘችው። ይህ ሰው ያን ጊዜ ሙስሊም አልነበረም። የካዕባን ቁልፍ ከሚይዘው ቤተሰብ የተወለደ ቁረይሻዊ፣ ማለትም ከሚያሳድዷቸው ሰዎች ወገን ነው። ወዴት እንደምትሄድ ጠየቃት። አብሯት ሰው መኖሩንም ጠየቃት። ከአላህና ከዚህ ልጅ በቀር ማንም እንደሌላት ነገረችው። እንዲህ ብቻዋን አትተዋትም አለና የግመሉን ልጓም ይዞ መንገድ ጀመረ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ኡሙ ሰለማ የተናገረችበት ዝርዝር ይገርመኛል። ማረፊያ ሲደርሱ ግመሉን ያንበረክካል፤ እሷ እንድትወርድ ራቅ ይላል። ከወረደች በኋላ ተመልሶ ግመሉን ወስዶ ዛፍ ላይ ያስራል፣ እሱ ከሌላ ዛፍ ሥር ይተኛል። መነሻ ሰዓት ሲደርስ ግመሉን ጭኖ ያቀርብላታል፣ እንደገና ራቅ ብሎ «ውጪ» ይላታል። ተደላድላ ስትቀመጥ መጥቶ ልጓሙን ይዞ ይመራል። እስከ ቁባ ድረስ ቀናቱ ሁሉ እንዲህ አለፉ። የበኒ ዐምር ኢብኑ ዐውፍ መንደር ሲታይ ባሏ እዚያ እንዳለ ነገራት፤ እሱ ያንን ሁሉ መንገድ ወደ መካ ተመለሰ።

ከእሱ የከበረ የመንገድ ጓደኛ አይታ እንደማታውቅ የመሰከረችው እሷ ናት። ከሰሓባዎች መካከል ኖራ፣ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤት ሆና። ዑስማን ከዓመታት በኋላ ሰልሟል፤ መካ ስትከፈትም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የካዕባን ቁልፍ መልሰው ለእሱ ሰጥተውታል። እሷ ያመሰገነችው ግን በዚያ በረሃ ላይ የነበረውን፣ ገና ያልሰለመውን ሰው ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ የነጃሺን ችሎትና የጃዕፈርን ንግግር በዝርዝር የነገረችን እሷው ራሷ ናት። የሐበሻ ሂጅራ ታሪክ ብለን የምንኮራበት ታሪክ በዋናነት የተጠለለች ሴት የተናገረችው የምስጋና ቃል ነው። ጠላዩ ስለ ራሱ የተናገረው አይደለም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፣ ሰውን ለመውቀስ ብቻ ብዕር አንስቶ እንዳይባል።

በ2017 ረመዳንና ዐቢይ ጾም ገጥመው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በዚያ ወር ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ስመጣ ጎሐ ጽዮን ላይ መንገዱ ተዘግቷል ተባለና ከአራት ሰዓት በላይ ቆምን። ወሬው ብዙ ነው፤ አንዱ ተኩስ አለ ይላል፣ ሌላው ሰው ተወስዷል ይላል። በመጨረሻ ተለቀቅንና ወደ አባይ በረሃ ቁልቁል መውረድ ስንጀምር ፀሐይ ልትጠልቅ ደርሳለች። ረዳቱ ስልክ እንዳናወጣ፣ መጋረጃ እንድንዘጋ ነገረን። በዚያ መንገድ የተጓዘ ያንን ዝምታ ያውቀዋል። ሕፃን እንኳ አያለቅስም።

አጠገቤ የተቀመጡት ግንባራቸው ላይ መስቀል የተነቀሱ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ጠዋት ሰላም ከተባባልን ወዲህ ብዙም አልተነጋገርንም። ድልድዩን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ቆሎ ፈቱና «ልጄ፣ የእናንተ ሰዓት ደረሰ መሰለኝ፤ ያዝ» አሉኝ። ግማሽ የደረሰ የሃይላንድ ውሃም ጨመሩልኝ። ጎሐ ጽዮን ስንቆም ሁሉም ወርዶ ሲጠጣ እኔ አለመጠጣቴን አይተው ኖሯል። እሳቸውም ጾመኛ ነበሩ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከያዙት ቆሎ ግማሹን ብቻ ቀምሰው ግማሹን ለእኔ መግሪብ አቆይተውታል። በዚያ ሙቀትና በዚያ ጭንቀት ውስጥ የማያውቁትን የሰው ልጅ ሰዓት ይጠብቁ ነበር። ደጀን ላይ ወረዱ። ስማቸውን አልጠየቅኩም።

ዶርም ገብቼ ለጓደኞቼ ስተርክ ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ? አያተል ኩርሲይን ስቀራ እንደነበር፣ ልቤ እንዳልተናወጠ፣ አጠገቤ የነበሩ ሴትዮ የእኔን መረጋጋት አይተው እንደተረጋጉ። መቅራቴ እውነት ነው። የተቀረው ጭማሪ ነው። ቆሎውንና ውሃውን ዘለልኩት። ለምን እንደዘለልኩት በዚያን ጊዜ ብትጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም፤ አሁን ሳስበው ጀግናው ሌላ ሰው የሆነበትን ታሪክ መተርክ አልለመድኩም።

አንዳንዶቻችሁ የምትሉኝን እሰማለሁ። «እኛ እዚህ ጥቂቶች ነን። ክፉ ክፉውን ሌላው ያወራልናል፤ በጎአችንን ራሳችን ካላወራን ማን ሊያወራልን ነው? ደግሞስ ሞጣን ረሳኸው?» አልረሳሁም። በታኅሣሥ 2012 በሞጣ መስጂዶቻችንና የሙስሊሞች ሱቆች ሲቃጠሉ የነበረው ሕመም ዛሬም አለ። ሞጣ እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም ናት፤ ከመካከላችን የዚያች ከተማ ልጆች አሉ። ያንን ለማለስለስ ብዬ የባልቴቷን ቆሎ አላመጣሁም፤ ቆሎ የተቃጠለ መስጂድ አይክስም።

ነገር ግን ኡሙ ሰለማን እንደገና እዩዋት። የልጇን ክንድ ያወለቁትን አልደበቀችም፤ ከነጎሳቸው ተናግራለች። ግመሏን የመራውንም አልደበቀችም፤ ከነአባቱ ስም ተናግራለች። ሁሉም ከአንድ ከተማ፣ ከአንድ ቁረይሽ ናቸው። በዳዮቿን ስታስብ ባለውለታዋን አልደፈጠጠችም፣ ባለውለታዋን ስታመሰግንም በደሉን አላቃለለችም። እኛ ከሁለት አንዱን የምንመርጥ ይመስለናል፤ ወይ ሞጣን እናወራለን፣ ወይ «ተዋደን የኖርን ሕዝቦች ነን» እያልን እንሸፋፍናለን። ሁለተኛውን በተለይ ከመድረክ ስሰማው ይሰለቸኛል።

ምስክርነት እንዲህ ሙሉ ይሁን ካልን ደግሞ የማይጥመንም ይመጣል። ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ የጁቤ አለች። አጠገቧ የነበረው የባሶ ገበያ ከ180 ዓመት ገደማ በፊት ከጎንደርና ከምጽዋ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ከአባይ ማዶ ከሚመጣው ጋር የሚገናኝበት ትልቅ ገበያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ ቻርልስ ቢክ የተባለ እንግሊዛዊ እዚያ ተቀምጦ ስለ ንግዱ ጽፏል። ከወዲህ አሞሌ ጨውና ጨርቅ፣ ከወዲያ ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ። ብቻውን የሚሻገር ነጋዴ ስለሚዘረፍ ጓደኛ እስኪበዛ ይጠበቃል፤ የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ነጋድራስ ሥር ተሰባስበው ይጓዛሉ። አባይን የሚሻገሩት በተነፋ ቆዳ ነበር፤ አዞ አለ፣ ጎርፍ አለ። (ኡሙ ሰለማ ስለ ሐበሻ ስትተርክ ወጣቱ ዙበይር የነጃሺን ጦርነት ውጤት ለማየት በተነፋ የውሃ አቁማዳ ወንዝ እንደተሻገረ ትናገራለች። ስሰማው ሁሌ ባሶ ትዝ ይለኛል።)

በዚህ መንገድ ከነበሩት ነጋዴዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ርስት ስለተከለከሉ ኑሯቸው ንግድና ሽመና ላይ ቆመ፤ እዚያ ገደል ላይ ያሳዩት ጽናት፣ ሶላታቸውንና ቃላቸውን ጠብቀው መጓዛቸው የምንኮራበት ቅርስ ነው። ሽማግሌዎቻችን ሲያወሩት ደስ ይላል። ከዚያ ሲራራ ጋር ግን ፈቅደው ያልተነሱ መንገደኞችም ነበሩ፤ ከአባይ ማዶ ተገዝተው ወይም ተዘርፈው የሚመጡ ባሪያዎች፣ ብዙዎቹ ገና ልጆች። ያንን ንግድ በአብዛኛው የያዙት የእኛው ሰዎች ነበሩ፤ ገዢዎቹና ጌቶቹ ደግሞ የሁሉም እምነት ሰዎች። እነዚያ ልጆች በተነፋው ቆዳ ላይ ሲሻገሩ ምን እንዳዩ የነገረን የለም። ስለ ባሶ ሲወራ «ነጋዴው ምን ዓይነት ጀግና ነበር» ብለን ካቆምን፣ ማንዴራ ላይ ያደረግነውን እዚህም ደገምነው ማለት ነው፤ አብሮን የተጓዘው ሰው ከትረካው ወጣ።

ይህ ሁሉ የድሮ ወሬ እንዳይመስላችሁ። በሰኔ መጨረሻ 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ይጓዙ የነበሩ ተማሪዎችን የጫኑ አውቶቡሶች ገብረ ጉራቻ አካባቢ ታግተው ከመቶ በላይ ሰዎች ተወሰዱ፤ ለቤተሰቦቻቸው እየተደወለ ገንዘብ ተጠየቀ። ያ መንገድ የእኛው መንገድ ነው። ለዕረፍት ወደ ቤት ስንሄድ የምናልፍበት፣ ስንመለስም የምናልፍበት። በዚያ ሰሞን ካፌ ተቀምጬ የሰማሁት የመጀመሪያ ጥያቄ «ተለቀቁ ወይ?» አልነበረም። «የማን ልጆች ናቸው? ያገቷቸውስ እነማን ናቸው?» ነበር። ተሳፋሪዎቹ በወሬ ውስጥ በብሔርና በሃይማኖት ተለይተው ወርደው አለቁ። ማንዴራ ላይ ሙስሊሞቹ እምቢ ያሉትን መለየት እኛ ሻይ እየጠጣን ፈጸምነው። እኔም እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነበርኩ።

የሰው አወራር ቀላል ነገር አይደለም የምለው ለዚህ ነው። ከአንድ ሰው ጋር ስምንት ሰዓት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ ፍርሃቱን ተካፍለን ስንወርድ ያ ሰው በአፋችን ላይ ምን ሆኖ እንደሚቀር የምንወስነው እኛ ነን። በሚቀጥለው ጉዞ አጠገባችን የሚቀመጠውን እንግዳ የምናየውም ባለፈው ባወራነው ወሬ ዓይን ነው። ጁዋ ሰላምታውን የሸሸችው ክፉ ሆና አይደለም፤ ከዚያ በፊት የሆነባትና የሰማችው ነው ያሸሻት።

የፕሮግራም ክፍል ኃላፊዎችን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። በመጪው ወር ካሉን ምሽቶች አንዱን ለመንገድ ወግ ስጡን። ደንቡ አንድ ብቻ ይሁን፤ ተራኪው ያገዘውን ሰው ሳይሆን የታገዘበትን ይተርክ፣ ያገዘው ሰው ሙስሊም ይሁን አይሁን። ማንዴራን ማውራት የፈለገም ከጁዋ ወንበር ሆኖ ይሞክረው። ሰው ከጠፋ እኔ እጀምራለሁ፤ አያተል ኩርሲዬን ሳልተው፣ ቆሎውንም ሳልዘል። እስከዚያ ደግሞ ከደጀን የመጣችሁ እህትና ወንድሞች፣ ግንባራቸው ላይ መስቀል ያለባቸው፣ በዚያ ረመዳን ከአዲስ አበባ ሲመጡ ጎሐ ጽዮን ላይ የታገዱ እናት ጎረቤታችሁ ከሆኑ ስማቸውን አምጡልኝ።